አማካዩና ጥሬው፦ የስትረስ ሥዕል አጭር ታሪክ

(በአማኑኤል ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ሌክቸር፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ይህች የማቻከል ወረዳ ከተማ የተወለድሁባትና ፊደል የቆጠርሁባት ናት። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ደረቅ ሊመስል ይችላል። በኮምፒውተር የሚሠራ የጥንካሬ ስሌት ውጤቱን በቀለም ሥዕል ያሳያል፤ ይህን ሥዕል በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደ መጣ፣ ሰዎች እንዴት እንደ ተረዱትና ሳይረዱት ሲቀሩ ምን እንደ ደረሰ ነው የምተርክላችሁ።

ነገሬን በኑዛዜ ልጀምር። ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የሚቆሙ የብረት የውኃ ማማዎችን እነድፍ ነበር። የመጀመሪያው ማማ ቆሞ፣ በላዩ የተቀመጠው ሮቶ ሞልቶ፣ ሕፃናት ከሥሩ ተሰልፈው ውኃ መቅዳት ከጀመሩ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ደርሼ ውኃው በሙሉ እንዲፈስ አዘዝሁ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የነበሩት አዛውንት ውኃው በግቢው ሲወርድ አይተው፣ «ልጄ፣ ስንት ዘመን የጠበቅነውን ውኃ ምነው መሬት ታጠጣዋለህ?» አሉኝ። «አባቴ፣ የሠራሁት ሒሳብ ልክ አልመጣም» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው አሁን ማወቅህ ደግ ነው» አሉኝ። ያ ልክ ያልመጣ ሒሳብ የዛሬው ርእሳችን ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ አስቀድመን ግን መሠረቱን እንጣል።

ሁለቱ ሥዕሎች

ስትረስ ስንል በአንድ አካል ውስጥ ያለው ኃይል በሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፍ የአንድ ኒውተን ኃይል አንድ ሜጋፓስካል እንለዋለን። ብረት የሚለጠጠው፣ ኮንክሪት የሚሰነጠቀው ይህ መጠን ከአቅማቸው ሲያልፍ ነው። ቅርጹ ቀላል ለሆነ ዘንግ ስትረስን በወረቀት እናሰላዋለን። ቅርጹ ለተወሳሰበ አካል፣ ለምሳሌ ለግድብ፣ ለአውሮፕላን ክንፍ፣ ለማሽን አካል፣ ግን የወረቀቱ ሒሳብ አያደርሰንም።

የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ የሚያደርገው ይህን ነው። አካሉን ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፍለዋል፤ ክፍሎቹ ኖድ በሚባሉ ነጥቦች ይያያዛሉ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በቅድሚያ የሚያሰላው ስትረስን ሳይሆን እያንዳንዱ ኖድ ከቦታው ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ ነው። ጎረቤታም ኤለመንቶች አንድ ኖድ ስለሚጋሩ፣ በዚያ ኖድ ያለው እንቅስቃሴ ለሁሉም አንድ ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት አይፈጠርም። ስትረስ ግን የሚገኘው እንቅስቃሴው ከቦታ ቦታ ከሚለዋወጥበት ፍጥነት ነው። ይህን ፍጥነት እያንዳንዱ ኤለመንት በራሱ ክልል ውስጥ ብቻ ያሰላል። ስለዚህ አራት ኤለመንቶች በሚገናኙበት በአንድ ኖድ ላይ አራት የተለያዩ የስትረስ ቁጥሮች ይገኛሉ። ነጥቡ አንድ ሆኖ ሳለ ምስክሮቹ አራት፣ ቃላቸውም አራት ዓይነት ነው።

ጥሬው ሥዕል እያንዳንዱን ኤለመንት እንደ ራሱ ቃል ይቀባዋል፤ በድንበሮቹ ላይ ቀለሙ ይዘላል። አማካዩ ሥዕል ደግሞ በኖዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደምሮ ያካፍልና አንድ ቁጥር ብቻ ያስቀራል፤ ቀለሙም ያለ ዝላይ ይፈስሳል። በጮቄ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። እርከን የተሠራለትን ማሳ ቀርቦ የሚያይ ሰው ደረጃ በደረጃ የተቆረጠውን መሬት ያያል፤ ከማዶ ሆኖ የሚያየው ግን ለስላሳ ቁልቁለት ይመስለዋል። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይለያል። በማሳው ላይ እርከኑ እውነተኛ ነው፤ በስሌታችን ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛው ቁልቁለቱ ነው፣ እርከኑ የስሌቱ ውጤት ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ዘዴው ከየት መጣ

በ1941 አሌክሳንደር ህረኒኮፍ አንድን ሙሉ አካል በዘንጎች መረብ ተክቶ የማስላት ሐሳብ አቀረበ። በ1943 የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ኩራንት የመጠምዘዝን ጥያቄ ለመፍታት አካሉን በሦስት ማዕዘኖች ከፍሎ አሰላ። በዚያን ጊዜ ብዙ ቁጥር የሚያሰላ ኮምፒውተር ስላልነበረ ሐሳቡ ለጊዜው ተግባራዊ ጥቅም አላገኘም።

ጥቅሙን የፈለገው የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቦይንግ መሐንዲሶች ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለውን ክንፍ በቀድሞው ዘዴ ማስላት አልሆነላቸውም። ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ ክንፉን ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከፍለው የማስላትን መንገድ አሳዩ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሦስት ማዕዘን ኤለመንት በውስጡ የሚይዘው ስትረስ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አይለወጥም። ጎረቤቱም እንዲሁ የራሱ አንድ ቁጥር አለው። ዝላዩ እንግዲህ ከዘዴው ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ነው። በአውሮፓም ጆን አርጊሪስ በእነዚያው ዓመታት ተመሳሳይ መሠረት ይጥል ነበር። «ፋይናይት ኤለመንት» የሚለውን ስም ሬይ ክላፍ በ1960 አወጣለት።

ከአውሮፕላን ወደ ሲቪል ምሕንድስና የተሻገረው በግድብ በኩል መሆኑ ለእኛ ትርጉም አለው። በአሜሪካ አርካንሳስ የሚገኘው የኖርፎርክ ግድብ የኮንክሪት ግራቪቲ ግድብ ነው፤ በአካሉ ውስጥ ቁም ስንጥቅ ስለ ነበረበት ደኅንነቱ አሳሳቢ ሆነ። ክላፍና ተማሪው ኤድዋርድ ዊልሰን ግድቡን በሦስት ማዕዘኖች ከፋፍለው አሰሉትና ውጤቱን በ1962 አቀረቡ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ቁጥር ብቻ ነበር፤ ሥዕሉን በእርሳስ የሚሥለው ሰው ነው። የሚሥለው ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር በዓይኑ ያይ ነበር። አንዱ ሦስት ማዕዘን 30፣ ጎረቤቱ 70 ቢል ሳያይ አያልፈውም። ወደ ኋላ ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ራሱ መሣል ሲጀምር፣ አማካይ ማውጣቱንም አብሮ ተረከበው። ሥዕሉ አማረ፤ ዝላዩን የሚያይ ዓይን ግን ከመካከል ወጣ።

የተንጠለጠለው ዘንግ

ይህን በቃል ብቻ መተው አልወድም፤ ደብተር የያዛችሁ ጻፉ። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ዘንግ ላዩ ተይዞ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። በርዝመቱ ሁሉ እኩል የተከፋፈለ ጭነት ወደ ታች ይስበዋል። እውነተኛው ስትረስ ከላይ በተያዘበት ቦታ 80 ሜጋፓስካል ነው፤ ወደ ታች በወረዱ መጠን እኩል እየቀነሰ በጫፉ ዜሮ ይሆናል። አሁን ዘንጉን እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር በሆኑ አራት ቀላል ኤለመንቶች እንክፈለው። የሚወጡት አራት ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች 70፣ 50፣ 30 እና 10 ናቸው። በእያንዳንዱ ድንበር ላይ የ20 ዝላይ አለ።

አማካይ እናውጣ። በ70ና በ50 መካከል 60፣ በ50ና በ30 መካከል 40፣ በ30ና በ10 መካከል 20 ይመጣል። እውነተኛው ስትረስ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ስንት ነበር? በትክክል 60፣ 40 እና 20። አማካዩ ከእያንዳንዱ ምስክር የተሻለ እውነት ተናገረ ማለት ነው። ይህን የምለው አማካይ ሥዕልን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው እንዳትሆኑ ነው።

ነገር ግን ወደ ላይኛው ጫፍ ተመልከቱ። እዚያ የሚያርፈው ኤለመንት አንድ ብቻ ስለሆነ አማካይ የሚወጣለት ጎረቤት የለውም። ሥዕሉ 70 ይላል፤ እውነቱ 80 ነው። ዘንጉ የሚበጠሰው ደግሞ እዚያው በተያዘበት ቦታ ነው። አማካዩ በመካከል ሲታመን፣ ትልቁ ስትረስ ባለበት ድንበር ላይ ግን ከዳን። በእውነተኛ ሥራም ትልቁ ስትረስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጠርዝ፣ በቀዳዳ አፍ፣ በድጋፍ ላይ ነው።

አሁን ዘንጉን በሁለት ኤለመንት ብቻ ብንከፍለው ቁጥሮቹ 60ና 20 ይሆናሉ፤ ዝላዩ 40፣ የላይኛው ጫፍ ስህተት 20 ነው። በአራት ስንከፍለው ዝላዩ 20፣ ስህተቱ 10 ነበር። በስምንት ብንከፍለው ዝላዩ 10፣ ስህተቱ 5 ይሆናል። በዚህ ምሳሌ ስህተቱ ምንጊዜም የዝላዩ ግማሽ ነው። እንግዲህ ጥሬው ሥዕል የሚያሳየው ዝላይ የሥዕል ጉድለት ሳይሆን ከእውነቱ ምን ያህል እንደ ራቅን የሚነግረን መለኪያ ነው። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን መለኪያ በገዛ እጁ ይጥለዋል።

ሌላም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ኤለመንት 70 ያለው በየትኛው ቦታ ላይ ቢወሰድ እውነት ይሆናል? በመካከሉ፣ ከላይ ግማሽ ሜትር በወረደበት ነጥብ ላይ። እዚያ እውነተኛው ስትረስ በትክክል 70 ነው። ኤለመንቱ በመካከሉ እውነት ይናገራል፤ ወደ ጫፎቹ ሲሄድ ይስታል። ጆን ባርሎው በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ በልዩ ልዩ ኤለመንቶች ውስጥ ስትረስ ይበልጥ የሚታመንባቸውን ነጥቦች አሳየ። ዛሬም ፕሮግራሞች ስትረስን በውስጥ ነጥቦች ላይ አስልተው ወደ ኖዶቹ የሚያራዝሙት ከዚህ የተነሣ ነው።

አማካይ የማይወጣበት ቦታ

ቀደም ብዬ እርከኑ አብዛኛውን ጊዜ የስሌቱ ውጤት ነው ብያለሁ። እርከኑ እውነተኛ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። አንድ የብረት ዘንግ ግማሹ 100፣ ግማሹ 200 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረውና 10,000 ኒውተን ቢስበው፣ ቀጭኑ ክፍል 100፣ ወፍራሙ 50 ሜጋፓስካል ይሸከማል። በመገናኛው ኖድ ላይ አማካይ ብናወጣ 75 ይመጣል። 75 የሚሸከም ክፍል በዚያ ዘንግ ውስጥ የለም። ቀጭኑን አቃለልነው፣ ወፍራሙን አከበድነው።

ብረትና ኮንክሪት ተጣብቀው እኩል ሲጨመቁም እንዲሁ ነው። የብረቱ ግትርነት 200፣ የኮንክሪቱ 25 ጊጋፓስካል ቢሆን፣ ብረቱ 80 ሲሸከም ኮንክሪቱ 10 ይሸከማል። አማካዩ 45 ለሁለቱም ሐሰት ነው። ይህን ዝላይ የፈጠረው ተፈጥሮ ራሱ ነው፤ ማለስለስ አይገባም። የውፍረት፣ የማቴሪያልና የአካል ድንበር በሚገኝበት ቦታ ሁሉ አማካይ ማውጣት በየክፍሉ ተለይቶ መደረግ አለበት።

ሦስተኛው ወጥመድ የቅደም ተከተል ነው። በአንድ ኖድ ላይ አንዱ ኤለመንት 100 የመሳብ፣ ሌላው 100 የመጫን ስትረስ ቢያሳይ፣ አስቀድመን አማካይ ካወጣን ዜሮ እናገኛለን፤ ከዜሮ የሚሰላው የፎን ሚዝስ ስትረስም ዜሮ ነው። አስቀድመን የየኤለመንቱን ፎን ሚዝስ ካሰላን ግን ሁለቱም 100 ናቸው፤ አማካያቸውም 100 ነው። ሥዕሉ በአንዱ መንገድ ፍጹም ሰላም፣ በሌላው ከባድ ጭነት ያሳያል። በስስ ንጣፎች ላይ አንዱ ኤለመንት ፊቱ ወደ ላይ፣ ጎረቤቱ ወደ ታች ሆኖ ከተሣለ ይህ በእውን ይደርሳል፤ የአንዱ የላይ ገጽ ከሌላው የታች ገጽ ጋር ይደመራልና።

አራተኛው ወደ ውስጥ የተሰበረ ሹል ማዕዘን ነው። በእንዲህ ያለ ማዕዘን ላይ የመለጠጥ ሒሳብ የሚሰጠው ስትረስ መጨረሻ የለውም። ኤለመንቶቹን ባሳነስን ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል እንጂ አይረጋም። ጥሬው ሥዕል ዝላዩ እየጠበበ አለመሄዱን አሳይቶ ያስጠነቅቀናል። አማካዩ ሥዕል ቁጥሩን ቆርጦ ልከኛ ያስመስለዋል። የግራቪቲ ግድብ ተረከዝ፣ ማለትም ውኃ በሚተኛበት በኩል ኮንክሪቱ ከዐለቱ የሚገናኝበት ማዕዘን፣ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። እዚያ ማዕዘኑም አለ፣ የኮንክሪትና የዐለት ድንበርም አለ፤ ሁለቱ ወጥመዶች በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል።

ዝላዩን መለኪያ ያደረጉት

በታሪኩ ውስጥ እኔን ዘወትር የሚያስደስተኝ ምዕራፍ ይህ ነው። ለብዙ ዓመታት ዝላዩ እንደ ነውር ይታይ ነበር። በ1971 ኦደንና ብራውክሊ፣ በ1974 ሂንተንና ካምቤል የተዘበራረቀውን ስትረስ በሥርዓት የሚያለሰልሱ የሒሳብ መንገዶችን አቀረቡ። በ1987 ግን በዌልስ ስዋንዚ ያስተምር የነበረው ኦልጊየርድ ዜንኪዬቪች ከዡ ጋር ሆኖ ጥያቄውን ገለበጠው። የለሰለሰው ስትረስ ከጥሬው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስህተታችንን ይገምትልናል አሉ። ልዩነቱ በበዛበት ቦታ ኤለመንቶቹን አሳንስ፣ ባነሰበት ተወው። ኮምፒውተሩ ራሱ የት መጠንቀቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ያደረገው ይህ ሐሳብ ነው።

ሁለቱ ሥዕሎች ተፎካካሪ እንዳልሆኑ ከዚህ እንማራለን። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው፤ ዕውቀቱ ያለው በልዩነታቸው ውስጥ ነው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ሁለቱንም ይሰጣሉ። አንሲስ «ኖዳል ሶሉሽን» እና «ኤለመንት ሶሉሽን» ብሎ ይለያቸዋል። አባኩስ በኖዱ ላይ ያለው ልዩነት በሞዴሉ ውስጥ ካለው አጠቃላይ ልዩነት 75 በመቶ ካላለፈ አማካይ ያወጣል፤ ተጠቃሚው ካልለወጠው በቀር የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው። 75 በመቶ ሰፊ በር ነው። ብዙ ዝላይ በእርሱ አልፎ ይለሰልሳል።

ስላይፕነር

ነሐሴ 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ስታቫንገር አጠገብ ባለው ጋንድስፊዮርድ፣ ስላይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ሰጠመ። የሰው ሕይወት አልጠፋም። ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ኪሳራ ግን ደረሰ፤ ወደ ባሕሩ ወለል ሲመታም በሬክተር ስኬል 3 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። ምርመራው ያገኘው በፋይናይት ኤለመንት ስሌቱ ላይ የተፈጸመ ስህተት ነው። የመሠረቱ ክፍሎች በሚገናኙበት ግድግዳ ላይ የተወሰዱት ኤለመንቶች ጥቂትና ቅርጻቸው የተጣመመ ስለ ነበር፣ የመቀስ ስትረሱ በ47 በመቶ አንሶ ተገመተ። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ከሚገባው ቀጠነ፣ ብረቱም አነሰ። ከአደጋው በኋላ የተደረገው ጥንቁቅ ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር አመለከተ፤ የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር።

ይህ አደጋ የአማካይ ሥዕል ብቻ ጥፋት ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለት ታሪኩን ማጣመም ነው። ሥሩ የኤለመንቶቹ ማነስና መጣመም ነበር። ከዛሬው ነገራችን ጋር ያለው ዝምድና ሌላ ነው። በሁለት ድጋፍ መካከል የተዘረጋ ግድግዳ ውኃ ሲገፋው በየድጋፉ የሚያርፈው ኃይል ከጠቅላላው ጭነት ግማሽ ነው። ይህን ለማስላት አንድ ገጽ ወረቀት ይተርፋል። የኮምፒውተር ውጤት መልኩ ሲያምር ያን አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው ይጠፋል።

በእኛ ዘንድ

በአገራችን የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ክላፍ ለዘዴው ስም ካወጣለት 12 ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ኢትዮጵያዊው ንጉሤ ተበጀ በአሜሪካ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ድርሳናቸውን የፋይናይት ኤለመንት ዘዴን ተጭነው በሚታጠፉ ምሰሶዎች ላይ በማዋል ጻፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አስተምረዋል። ዘዴው ገና ወጣት ሳለ የአገራችን ሰው እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ተማሪዎች ይህን እንድታውቁ የምፈልገው፣ ፕሮግራሙን ከባሕር ማዶ የመጣ ምስጢር አድርጋችሁ እንዳታዩት ነው።

ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደጀንን አልፋችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ። በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ የተሸከሙት ገመዶች ከምሰሶዎቹ ወደ ኮንክሪቱ አካል ገብተው ይታሰራሉ። ገመድ ኮንክሪት ውስጥ የሚታሰርበት ቦታ የማቴሪያል ድንበርና የተጠራቀመ ኃይል የሚገናኙበት ስለሆነ፣ አማካይ ሥዕል ብቻውን ሊታመን ከማይገባባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በጉባ የቆመው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ደግሞ 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንክሪት ግራቪቲ ግድብ ነው፤ ከኖርፎርክ ጋር ወገኑ አንድ ነው። ክላፍና ዊልሰን በ1962 ያነሡት ጥያቄ ዛሬ የእኛ መሐንዲሶች ግድቡን ሲከታተሉ የሚያነሡት ጥያቄ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን በሞጣ በኩል ጎጃምንና ቤጌምድርን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገርለታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ከተቆረጠ በኋላ ሰዎች ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩበት ነበር። በ2002 በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በአቅራቢያው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ያን ብረት የወሰደው የዓባይ አማካይ ውኃ አልነበረም፤ የአንድ ክረምት ጎርፍ ነው። ድልድይ በአማካይ አይሰበርም፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ይሰበራል።

ወደ ውኃ ማማው

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልመለስ። የማማው እግር በ12 ሚሊሜትር የመሠረት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ቆሞ፣ በ6 ሚሊሜትር ሦስት ማዕዘን ደጋፊ ጠፍጣፋ ተበይዷል። ብረቱ መለጠጥ የሚጀምረው በ235 ሜጋፓስካል ነው፤ እኔ የፈቀድሁት ወሰን 160 ነበር። ሥዕሉ በእግሩ ላይ ትልቁ ስትረስ 150 መሆኑን አሳየኝ። ቀለሙ ለስላሳ፣ ቁጥሩ ከወሰኑ በታች ነው። ፈረምሁ። ማማው ተሠራ።

ወራት ካለፉ በኋላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማማ ለማሠራት ስዘጋጅ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ሥዕሉን አይተው፣ «አማካዩን አጥፋና አሳየኝ» አሉኝ። አጠፋሁት። በዚያው ኖድ ላይ ሦስት ኤለመንቶች ሦስት ቁጥር ይዘው ተገኙ፤ በወፍራሙ ጠፍጣፋ ላይ ያሉት ሁለቱ 128ና 112፣ በቀጭኑ ደጋፊ ላይ ያለው 210። ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 150 ይሆናሉ። የእኔ 150 በየትኛውም ብረት ውስጥ ያልነበረ ቁጥር ነው። ደጋፊውን ለብቻው ለይቼ ኤለመንቶቹን ሳሳንስ ቁጥሩ 225 አካባቢ ረጋ። ከፈቀድሁት ወሰን እጅግ ያለፈ፣ ከመለጠጫው በ10 ብቻ ያነሰ ነው። ይህ እንግዲህ ነፋስ ሳይመጣ፣ ብየዳው ምንም እንከን የለውም ተብሎ ነው።

በማግሥቱ ነው ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድሁት። ሮቶው ባዶ ሆኖ፣ ደጋፊዎቹ በ10 ሚሊሜትር ብረት እስኪተኩ ድረስ ሕፃናቱ ለሳምንታት እንደ ቀድሞው ወደ ወንዝ ወረዱ። የውኃ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣን ልጅ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ሳምንታት ትዝ ይሉኛል። ማማው አልወደቀም፤ ዛሬም ቆሞአል። ይህን እንደ ሙያዬ ብቃት አልቆጥረውም፤ አንድ ሰው በጊዜው ትክክለኛውን ጥያቄ ስለ ጠየቀኝ የሆነ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ከእኔ የምትወስዱት ይህ ይሁን። ሥዕል ስታወጡ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዝላዩ በበዛበት ቦታ ኤለመንቶቹን አሳንሱና እንደገና አስሉ፤ ዝላዩ ከጠበበ ወደ እውነቱ እየቀረባችሁ ነው፣ ካልጠበበ ግን ሹል ማዕዘን ወይም የሞዴል ስህተት ፈልጉ። ውፍረትና ማቴሪያል በሚለወጥበት ድንበር ላይ አማካይ አታውጡ። ትልቁን ቁጥር ከጫፍና ከድጋፍ ላይ ስትወስዱ እዚያ አማካዩ ደካማ መሆኑን አስታውሱ። ድጋፎቹ የሚሸከሙት ኃይል ተደምሮ ከጭነቱ ጋር እኩል መሆኑን በወረቀት አረጋግጡ። በሪፖርታችሁም ሥዕሉ አማካይ የወጣለት ወይም ያልወጣለት መሆኑን ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚያነበው ሰው የሚፈርመው በዚያ ላይ ነውና።

መምህራንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የተንጠለጠለውን ዘንግ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሠሯቸው። 70፣ 50፣ 30፣ 10 ብሎ በገዛ እጁ የጻፈ ተማሪ ለስላሳ ቀለም ሲያይ፣ ከበስተጀርባው ስንት ቁጥር እንዳለ መጠየቁ አይቀርም።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።